የኩይሳ አፈር የገባበት ጡብ

ልጆቼ፣ ፀሐዩ ሳያገኛችሁ ወደ ማንጎው ጥላ ጠጋ በሉ፤ የቡዋላይን ነገር ላጫውታችሁ።

የእናቷ የእንጨት ቤት እግሮቹን ምስጥ በልቶት ወደ ኩሬው ማዘንበል ከጀመረ ሰነባብቷል። ዝናቡም ደርሷል። ስለዚህ ባሏ ካምሲንግ ለአማቱ አንዲት ክፍል ሊሠራላቸው ተነሣ። አሸዋማውን ቀይ አፈር በጥቂት ሲሚንቶ ለውሶ፣ በእጅ መጭመቂያ እየጨመቀ፣ እሳት ሳይነካው ጡብ ያወጣል። የአንዱ ጡብ ጉብታ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ቁጭ ይልና ይያያዛል።

ቡዋላይ ግን አፈሩ አሸዋ በዛበት ብላ ሰጋች። የአባቷ የሩዝ አውድማ በኩይሳ አፈርና በጎሽ እበት የተለቀለቀ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ሩዝ አትሰርግበትም። እናም ካምሲንግ ሲሚንቶ ሊያመጣ በሄደበት ቀን አበባና ጉርሻ ሩዝ ይዛ የኩይሳውን ባለቤት መንፈስ ለመነች። አፈሩንም ወስዳ ከክምሩ ጋር ቀላቀለችው። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም።

ጡቡ ሲወጣ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ባሏ እጁ የሠለጠነ መስሎት ኮራ። ጡቡ እስኪጠነክር የተሸፈነበት ላስቲክ ሲገለጥ ነው በአንዳንዱ ጡብ ጎን ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያየችው።

ጎረቤት ለደቦ ሲመጣ አቀባይ ሆነች። የተሰነጠቀ በእጇ በገባ ቁጥር ወደ ክምሩ ሥር ትሸሽገዋለች። ያልተሰነጠቀውስ ቢሆን ውስጡን ማን ያውቃል?

ጎረቤቷ ላምዱዋን አየቻት። "ምነው እቴ፣ ጡቡን እንደ እንቁላል የምትመርጪው፣ ዶሮ ልታስታቅፊው ነው?"

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀችና ቀጣዩን ጡብ አቀበለች። ግድግዳው ወገብ ደረሰ።

ያኔ እናቷ መጡ። ጀርባቸውን ለአዲሱ ግድግዳ ሰጥተው ቁጭ አሉና፣ "ዘንድሮስ ሲዘንብ ጆሮዬን ሳላቆም እተኛለሁ" አሉ።

ቡዋላይ የያዘችውን ጡብ መሬት አስቀመጠች።

"እማ፣ ተነሺ ከዚያ። ካምሲንግ፣ አውርደው።"

"ምኑን?"

"ግድግዳውን። የኩይሳ አፈር ጨምሬበታለሁ።"

ካምሲንግ አንዱን ጡብ ውኃ ባለበት ባልዲ ነከረው። ሁሉም ከበቡት። ጥቂት ቆይቶ ጠርዙ እንደ ራሰ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር።

"ኩይሳውን ለምነሽ ባልሽን ሳትጠይቂ?" አለች ላምዱዋን። አሁን ግን የሳቀ የለም።

ካምሲንግ እንዲህ ያለው አፈር ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ውኃ ሲያገኝ እንደሚያብጥ ቀስ ብሎ አስረዳት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ያን ዕለት የተከሉትን በእጃቸው ነቀሉት። በማግሥቱ ዝናቡ ወረደ። እናቷን ከጎተራው አስገብተው በሩዝ ጆንያ መሐል አስተኟቸው፤ እሳቸውም "አይጥ አደረጋችሁኝ" እያሉ ያጉረመርማሉ። ካምሲንግ ላስቲክ ወጥሮ ሌላ አፈር ይነፋል፤ ቡዋላይ ካዘነበለው ቤት ላይ ዓይኗን አትነቅልም። አንድ ረፋድ ላይ ቤቱ ተንቋቋና ኩሬው ውስጥ ተኛ። ከውስጡ ማንም አልነበረም። እሷ ግን ወደ ጎተራው ሮጣ የእናቷን እጅ እስክትይዝ ድረስ አላመነችም።

ልጆቼ፣ የቡዋላይን ስም ስታነሡ ጡቡን ማበላሸቷን ብቻ አታንሡ። ሰው ሁሉ እያያት "አውርደው" ማለቷንም አስታውሱልኝ።