ፊደል ብቻ ነው የታረመው

እኔ የምኖረው በሰው ስህተት ነው። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ጽሑፍ ሳብጠለጥል ኖሬያለሁ። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ቀዩዋ» ይሉኛል፤ ከኋላዬ የሚሉኝን እነሱ ያውቃሉ። የተሳሳተ ፊደል ሳይ ጥርሴን እንደሚያመው ሰው ነው የምሆነው። ምን ላድርግ፣ ዐመል ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነው። እጁ ወርቅ፣ አጻጻፉ ግን ጉድ! ከአራት ዓመት በፊት ጠጋኞች የሚጠያየቁበት መድረክ ኢንተርኔት ላይ ከፈተና «እኔ መጠገን እንጂ ሰው ማስተዳደር አልችልበትም፣ አንቺ ያዥልኝ» ብሎ የይለፍ ቃሉን አስረከበኝ። እሱ እንደ ማንኛውም አባል የራሱን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያርመው። እኔ ግን የማንንም ማረምም ማጥፋትም እችላለሁ። አልዋሽም፣ ሹመቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዱ አባል ማይክሮዌቩ እየዞረ አላሞቅ ብሎት ጠየቀ። ወንድሜ ጋሼ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ከነቀልከው ወዲያ ሀይል የለውም፣ አትፍራ። ክዳኑን ፈተህ ገመዶቹን አንድ በአንድ እያቸው።» እኔ ምን አገባኝ? «ጥቀስ» የሚለውን ተጭኜ ቃሉን እንዳለ ገለበጥኩና ከሥሩ «ጋሼ፣ ኃይል በኃ ነው! በሃሌታው ሀ የተጻፈ ኃይል አምፖል እንኳ አያበራም» ብዬ ለጠፍኩ። አሥራ አራት ሰው ሳቀልኝ።

ማይክሮዌቭ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ። ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪኩን አቁሮ ይቆያል፤ የነካውን ሰው ይገድላል። ጋሼ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ቸኩሎ ነው የጻፈው። እኔም ከጠጋኞቹ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን «ሀይል የለውም» ከሚለው ውስጥ ዓይኔ ያረፈው ፊደሏ ላይ ብቻ ነው። አፈር ልብላ!

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀትር ላይ ጋሼ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ከሥራ ያልታጠበ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«አንድ ልብስ ሰፊ ማይክሮዌቭ ሲፈታ ሞተ አሉ። ሱቅ ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ አንተን ምን...» ብዬ ሳልጨርስ ፊቱን አየሁት።

«አርሜዋለሁ» አለ። «አሁን 'ከነቀልከውም በኋላ ኃይል አለው፣ ካፓሲተሩን ሳታራግፍ እጅህን እንዳታስገባ' ነው የሚለው። የድሮው ቃሌ ያንቺ ጥቅስ ውስጥ ብቻ ነው የቀረው። አጥፊልኝ።»

«ጋሼ፣ እሱ ሰውዬ ያንተን አንብቦ ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ ምን ላድርግ? የሞተ ተጎዳ፣ እህትዬ። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ወንድሜ ነው። እዚያው ቆሞ እያየኝ አጠፋሁት።

በሳምንቱ «የልብስ ሰፊው ሚስት» የምትል አዲስ አባል መድረኩ ላይ ጻፈች። ባሏ ጨርቅ ሦስቴ ሳይለካ መቀስ የማያነሳ ሰው ነበር አለች። ሊፈታው ሲል ከስልኩ ላይ እያነበበ «ከነቀሉት ወዲያ ምንም የለውም ይላል» ብሎ ነግሯታል። አሁን ግን እዚያው ቦታ የምታነበው ተቃራኒውን ነው። «ከሥሩ 'ታርሟል' ይላል» ብላ ጻፈች። «የታረመው ምኑ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አለ? እናቱ፣ አጣድፈሽ የገደልሽው አንቺ ነሽ እያለችኝ ነው።»

ጋሼ ፈጥኖ መለሰላት፦ «በጣም አዝናለሁ። የታረመው ፊደል ነው። 'ኃይል'ን ተሳስቼ ጽፌው እህቴ ቀልዳብኝ ነበር፤ እሷን ጠይቂያት።»

ያን ሲል ደሜ ፈላ። የእኔን ቀልድ! ደውዬ ልጮህበት ስልኬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሦስቱ ልጆቹ አክስቴ ብለው የሚጠመጠሙት እኔ ላይ ነው። ጻፍኩ፦ «አዎ እህቴ። ፊደል ብቻ ነው የታረመው።» አባላቱ ተከታትለው ነፍስ ይማር አሉ። አንዱ ደግሞ «ወገኖች፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ዕቃ አትንኩ» ብሎ መከረ።

እሷ እኔን ጠቅሳ መለሰች። ውሸቴ በሣጥን ተከቦ ከላይ ተቀምጧል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ከሥሩ የጻፈችው ይህን ነበር፦ «አመሰግናለሁ። እንግዲያው እውነትም እኔ ነኝ የገደልኩት። ሲያነብልኝ 'ንባቡን ተውና ሥራው፣ ምሳችን ሊቀዘቅዝ ነው' ብዬዋለሁ። ሳይጨርስ ተነሥቷል ማለት ነው። እናቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ሳምንት ይህን ጽሑፍ ተሸክሜ ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንድ ሙሉ ገጽ ሳላርም አልፌ አለቃዬ «ምነው ቀዩዋ፣ አሞሻል?» አለኝ። ሲብስብኝ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ።

«እነግራታለሁ» አልኩት።

«ሱቄ ሲታሸግ ቆመሽ ልታዪ?»

«አያለሁ።»

«ወንድምሽ እኮ ነኝ!»

«እሱ አይደል እንዴ እንዲህ የሚያንገበግበኝ! ባዳ ብትሆንማ ያኔውኑ እናገር ነበር።»

ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

ሁሉንም ጽፌ በግል ላኩላት። ሳትሰድበኝ የቤቷን አድራሻ ላከችልኝ፤ «መጥተሽ ለእናቱ ንገሪያት። እኔን አታምነኝም» ትላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አንድ ክፍል ቤት ነው። ስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል፣ ሜትሩ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ በጠመኔ የተሠመረበት ግማሽ ሱሪ ወንበር ላይ እንደተጣለ ነው። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስትየው በሩን ከፍታልኝ እዚያው ቆመች፤ ለካ እሳቸው ባሉበት አትቀመጥም።

የወንድሜን ቃል እንደነበረ በወረቀት ጽፌው ነበር። አነበብኩላቸው።

«ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ።

«አትፍራ ይላል?»

«አዎ፣ እማማ። አትፍራ ይላል።»

«ልጄ ሳያነብ አልነካም በይኛ።»

«አንብቧል። እንደተባለው ነው ያደረገው። ሚስቱም ባታጣድፈው ያው ነበር።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ «ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«ወንድሜ ነው። ስትጠይቀን የዋሸኋት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔን ትተው ወደ በሩ ዞሩ፣ አልጋውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉ።

ምራቲቱ አልተንቀሳቀሰችም።

«ገዳይ አሉኝ፣ እማማ» አለች። «እኔም እኮ አምኜዎት ነበር።»

ከዚያ በሩን ክፍት ትታ ወጣች።