የሞተረኛው እጅ

ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ አጉረመረመ፤ አስነጠሰና ዝም አለ።

መካኒኩ እጁን ከማስነሻው ቁልፍ ላይ አነሳ። ከኋላው ቆመው የሚያዩት እንግዶች «አይዞህ!» አሉ፤ ለእሱ ይሁን ለሞተሩ አልታወቀም። አንዱ ባትሪው ነው አለ። ሌላው ነዳጁ ነው አለ። ክራቫት ያሰረ ሰውዬ የእሱም መኪና ጠዋት ጠዋት እንዲህ እንደምታደርገውና መግፋት ፍቱን መላ እንደሆነ ተናገረ።

«የት ድረስ እንግፋው ጌታዬ?» አለ መካኒኩ ዞር ሳይል። «ከሲሚንቶው ጋር በቡሎን ታስሯል።»

አዳራሹ ቀድሞ የጀልባ መጠገኛ ነበር፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሰፊው በር ወደ ወደቡ ተከፍቷል። የጭስ ማውጫው ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ ወጥቷል። መካከል ላይ ሞተሩ ተቀምጧል። በጦርነቱ ዘመን ከአንዲት የጥበቃ ጀልባ ጋር ሰጥሞ ኖሮ ከጭቃ የወጣ ነው። ጀልባዋ ሦስት ሞተሮች ነበሯት፤ ለእያንዳንዱም አንድ ሞተረኛ። ሁለቱ ሞተሮች አልተገኙም። ሁለቱ ሞተረኞችም። ሙዚየሙ የሞተሮቹን ቦታ በሲሚንቶው ላይ በነጭ መስመር ከልሎ ባዶውን ትቶታል።

ሦስተኛው ሞተረኛ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የመካኒኩ ታላቅ ወንድም ነው።

መካኒኩ ከአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ሞተር ብቻ ነበር። የዛገውን ፍቆ፣ የተሰነጠቀውን በይዶ፣ የጠፋውን በገዛ እጁ ሞርዶ ተካ። ወንድሙ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አላየውም። ዛሬም የመጣው በስንት ልመና ነው። ከመጣ ጀምሮ ደግሞ ወንበሩ ቆረቆረው፤ ንፋሱ በረደው፤ የቀረበለት ውኃ ሞቀው።

«ይሄ ነጭ ምንድን ነው?» ብሎ ነበር ሞተሩን ገና ሲያየው።

«ግራጫ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«የኛ ግራጫ ጥቀርሻ ነበር። ይሄ የሙሽራ ጥርስ ነው።»

መካኒኩ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሲችለው ነው የኖረው። ወንድሙ ከጦርነቱ ከተመለሰ ጀምሮ አንድ አመል ነበረው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ጨዋታ ሲደምቅ፣ ልጆች ሲስቁ፣ መዳፉን ዘርግቶ አየሩን ወደ ታች ይጫናል። ዝም በሉ ነው። እናታቸው በተቀበሩ ዕለት እንኳ አልቃሾቹ ላይ ይህንኑ እጁን ዘረጋ። የመካኒኩ ሚስት «ንጉሥ ሆነብን እኮ!» ብላ ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠችም። ስለ ጀልባዋ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነበር፦ «ጫጫታ ነበር።» ሌላ ቃል አይወጣውም።

መካኒኩ ያንን ጫጫታ ከወንድሙ ጋር አንድ ጊዜ ለመስማት ፈለገ። ሌላ የተመኘው ነገር የለም።

ያለው ቀን ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አስታወሰችው። «ጋሼ፣ የእሳት አደጋ ሰዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እንቢ ካለ እንተወው። ቆሞም ያምራል።»

«ቆሞ የሚያምር ሐውልት ነው።»

«ማታ ነዳጁን ማስወጣታችን አይቀርም። ነገ የመስታወት መከለያው ይገጠማል። ተነጋግረናል እኮ።»

ወንድሙ ከወንበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «የአውቶቡስ መካኒክ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

መካኒኩን ንዴት ጆሮውን አጋለው። ላቡን ሊጠርግ እጁን ወደ ቀኝ ኪሱ ሰደደና ባለበት ቀረ። ሞተር ሲፈታ ክፍት የሆነውን ሁሉ በቀይ ጨርቅ መወተፍ፣ ጫፉንም እንደ ምላስ አውጥቶ መተው የጋራዥ ልማዱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ምላስ ያወጣውን ሁሉ ይነቅልና ኪሱ ይከታል። ኪሱ ሳይሞላ ሞተር አያስነሳም። ዛሬ ግን በእንግዳና በወንበር ሲዋከብ ሳይዳብሰው ቀረ። አሁን ሲዳብሰው ከሳ አለበት፤ አንድ ጨርቅ ጎድሏል።

ሞተሩን ግራጫ የቀባውን ቀለም ቀቢ ፈለገው። በሩ አጠገብ ቆሞ በሥራው ሲመሰገን አገኘው።

«ከአየር መሳቢያው ላይ ጨርቅ ነቅለሃል?»

«የቱን? ምላሱን ያወጣውን?»

«እሱን።»

«ኧረ አልነቀልኩም! ወደ ውስጥ አስገብቼለት ወንፊቱን ከላይ ገጠምኩበት። ለእንግዳ ምላስ ይወጣል እንዴ?»

መካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ስድብ በአፉ መጣ፤ ሁሉንም ዋጠው። ወንፊቱን ፈታ፤ ጣቱን ሰደደና ጨርቁን መዞ አወጣው። እንግዶቹ ትርዒት መስሏቸው አጨበጨቡ።

ቁልፉን ተጫነ።

ሞተሩ ተነሳ። አዳራሹ አብሮ የተነሳ መሰለ። መስኮቶቹ ተንጫረሩ፤ የወለሉ ንዝረት በጫማ ውስጥ ገብቶ ጉልበት ላይ ወጣ። እንግዶቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ በሩ አፈገፈጉ። ባለክራቫቱ ሁሉንም ቀደመ።

ወንድሙ ጆሮውን አልያዘም። ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ያንን መዳፉን ዘረጋና አየሩን ወደ ታች ተጫነ።

«ዛሬም?!» ብሎ ጮኸ መካኒኩ። «ዛሬም ዝም በሉ?!» የገዛ ድምፁ ለገዛ ጆሮው አልደረሰም።

ወንድሙ መዳፉን ደግሞ ተጫነ። የሚያየው መካኒኩን አልነበረም፤ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ነበር። መካኒኩ እጀታውን አየ፤ የወንድሙን እጅ አየ። ቀስ ብሎ ሳበው። ጩኸቱ ወረደ፤ የወለሉ መንቀጥቀጥ ረገበ። የወንድሙ መዳፍ አየር ላይ ቆመ። በቃ። እዚያ ላይ።

መካኒኩ እጀታውን እንደያዘ ቀረ። እናታቸው የተቀበሩ ዕለት ያየው እጅ ነው። ያው እጅ ነው፤ ለካ የሞተረኛ ምልክት ኖሯል።

ወንድሙ ቀረብ ወዳለው ነጭ መስመር ሄደና ከባዶው ቦታ ፊት ቆመ። ከወዲያ ማዶ ሰው እንዳለ ሁሉ ትክ ብሎ እያየ ሁለት ጣቶቹን አነሳ። መልስ ጠበቀ።

ኃላፊዋ ከበሩ ላይ እጇን በአንገቷ ላይ ታመላልሳለች፤ አጥፋው ነው። ቢያጠፋው ወንድሙን መጠየቅ ይችላል። መልሱንም ያውቀዋል። ጫጫታ ነበር።

መካኒኩ በግራ እጁ እጀታውን እንደያዘ ቀኝ እግሩን ነጩ መስመር ውስጥ አስገባ። ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ሁለት ጣቶቹን አነሳ።

ወንድሙ በምሬት ራሱን ነቀነቀ። መጥቶ እጁን አፈፍ አደረገና፣ ወጥቶ የቀረውን አውራ ጣቱን አጠፈለት። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ምልክቱን እንደገና ሰጠው።