«አለሁ» ላለ ሰው የሚወጣ አንቀጽ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ከሆነ እጽፋለሁ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። እውነቴን ነው። ፍራንሲስታውን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጥናት ቢሮ፣ ሰዎች በስልክ ተጠይቀው የመለሱት ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣልኛል፤ እኔ ደግሞ ለያንዳንዱ በስሙ የሚላክለትን ሪፖርት አሰናዳለሁ። ሪፖርቱ ለሁሉም አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። እንቅልፍ አጣሁ ያለ ሰው ከሆነ ይኼኛው አንቀጽ ይውጣለት፣ ካልሆነ ይደበቅ። የሚያጨስ ከሆነ ያኛው ይውጣ። ኮምፒዩተሩ ከሆነና ካልሆነ እንጂ ሌላ አያውቅም።

የዚያን ሰሞን ጥናት ስለ ፒክዌ ከተማ ነበር። የማዕድን ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ያጡት ወንዶች እንዴት እንደከረሙ ማወቅ የፈለገ አንድ ድርጅት ያሠራው ነው። መልሱ ያላማረ ሰው ቀዩ አንቀጽ ይወጣለታል፤ «ብቻዎን አይደሉም፣ ነርስ ቤትዎ ድረስ መጥታ ታነጋግርዎታለች» የሚል። ደህና ነኝ ያለው አረንጓዴው ይደርሰዋል፤ «እንኳን ደስ አለዎት! መንፈስዎ ጠንካራ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ።» የነርሷ መኪና ቀይ ወደወጣለት ቤት እንጂ ወደ ሌላ አትሄድም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ሰሞን እንዴት ነዎት?» ይላል። እኛ አገር ይህን የተጠየቀ ሰው ምን እንደሚመልስ ሕፃን ልጅም ያውቃል። «አለሁ» ይላል። ልጅ የዳረም «አለሁ»፣ ልጅ የቀበረም «አለሁ»። ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ ብታገኙት እንኳ መጀመሪያ «አለሁ» ብሎ ነው የሞተበትን የሚነግራችሁ፤ ያውም አጥብቃችሁ ከጠየቃችሁት። መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች ታዲያ «አለሁ»ን ከ«ደህና ነኝ» ጋር መድበውት አረፉ።

«ሞዲሳ፣ ይኼ አይሆንም» አልኩት አለቃዬን።

«ምኑ?»

«'አለሁ' ያለ ሁሉ አረንጓዴ ይወጣለታል።»

«ታዲያ የለሁም ይበል?»

«አትቀልድብኝ። 'አለሁ' እኮ ሰላምታ ነው። ማን ለሰላምታ የልቡን ይናገራል?»

ሞዲሳ ይዞት የነበረውን በዘይት የተጠበሰ ብስኩት አስቀምጦ ዘይት የነካ ጣቱን ጠረገ። «ስሚኝ ቦይካኞ። ከአሥሩ ዘጠኙ ያለው ይህንኑ ነው። 'አለሁ'ን ቀይ ካልሽው ከተማው በሙሉ ቀይ ሆነ ማለት ነው። ነርሶቹ ሁለት ናቸው፤ መኪናዋ አንድ ናት፤ ጎማዋን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

«እንደገና ይደወልላቸው።»

«እሺ፣ ተደወለ እንበል። ምን ይላሉ?»

ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ተናደድኩ፤ በሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ የተናደድኩት በሁላችንም ነው።

በዚያው ሳምንት የአጎቴ ሚስት ደወለችልኝ። አጎቴ ጋሌቦዌ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እኛ ዘንድ የእናት ወንድም ቀላል ሰው አይደለም። ስዳር ጥሎሼን የሚቀበለው፣ ስጣላ የሚያስታርቀኝ፣ ብሞት መቃብሬ የት እንደሚቆፈር የሚያሳየው እሱ ነው። እኔ ግን እሱን «ምን ሆነዋል?» ብዬ ልጠይቅ አልችልም። ነውር ነው።

«ከብቶቹን አካፈላቸው» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለልጆቹ ነዋ! ልጃችንን ቱሶን አስጠርቶ 'ይቺ ያንተ፣ ያቺ የእህትህ' ሲል ዋለ። የሚሞት ሰው እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገው! ሰውየው ጉንፋን እንኳ የለበትም። ሌሊት አይተኛም። ገንፎውን በማንኪያ ያማስለዋል እንጂ አይበላውም።»

«አልጠየቅሽውም?»

«ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ምን ይላል? አለሁ አለ።» ከዚያ ድምጿን ቀነሰች። «ሰዎቻችሁ በስልክ ጠይቀውታል አሉ። ነርሷን ይልኩለት ይሆን? ለኔስ አይናገርም፤ ለባዕድ ሰው ግን... ማን ያውቃል፣ ይተነፍስ ይሆናል።»

«ይልኩ ይሆናል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

መልሱን ፈልጌ አየሁት። እንዴት ነዎት? አለሁ። እንቅልፍ? ደህና ነው። የምግብ ፍላጎት? ተመስገን ነው። አንድም የሚያዝ ቃል የለውም። አጎቴ እንደ ጨዋ ሰው መልሷል፣ ማሽኑም እንደ ማሽን አምኖታል።

እናም አንዲት መስመር ጨመርኩ። ስሙ ጋሌቦዌ፣ ከተማው ፒክዌ ከሆነ ቀዩ ይውጣለት። ለአንድ ሰው ብቻ «ከሆነ» ጽፌ አላውቅም ነበር።

ሞዲሳ ሪፖርቶቹ ከመላካቸው በፊት መስመር በመስመር ይፈትሻል፤ አገኛት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ማነው?»

«አጎቴ።»

«የእናት ወንድም?»

«አዎ። ከብቶቹን አካፍሏል።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ለሱ መንገር አያስፈልግም። «የኔም ታላቅ ወንድም እዚያው ጉድጓድ ነበር የሚሠራው» አለ። «እሱም አለሁ ብሏል። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ሰውየው ግን የለም። ሁለቱን ቀይ ብናደርጋቸው ግን መኪናዋ ቀይ ያላቸውን ሁለት ሰዎች ትታ ነው እነሱ ጋ የምትሄደው። ለወንድሜ ያላደረግኩትን ላንቺ አጎት ባደርግ ደግሞ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

እጁን በትከሻዬ ላይ ዘርግቶ መስመሩን ራሱ አጠፋው። ልጣላው ፈለግኩ። የምጣላበት ነገር አጣሁ።

ሪፖርቶቹ በየሰው ስልክ ተላኩ፤ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ፒክዌ ሄድኩ። አጎቴ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ ከስቷል፣ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ሲያየኝ ግን ደስ አለው።

«መጣሽ እንዴ፣ ሊቋ! ነይ ነይ፣ ይቺን ለዚች ሴት አንብቢላት። እኔ ሳነብላት ጨምረህበታል ትለኛለች።»

ሪፖርቱን ሱቅ ሄዶ በወረቀት አሳትሞታል። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አሳይቷቸዋል አሉ። ምን አደርጋለሁ፣ አነበብኩ። «እንኳን ደስ አለዎት! መንፈስዎ ጠንካራ ነው...» እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

«ሰማሽ፣ የቱሶ እናት? በየቀኑ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ስትይኝ ከረምሽ። ይኸው ከመንግሥት የመጣ ቃል!»

«ከመንግሥት አይደለም አጎቴ» አልኩ። «ማሽን ነው የጻፈው።»

«ማሽኑንስ ማን አዘዘው?»

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት።

«እሷ ናታ!» ብሎ በጣቱ እያሳየኝ ሳቀ። «የእህቴ ልጅ ደህና ነዎት ካለችኝ ደህና ነኝ። አለቀ።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። መሬት መሬት አየሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ነጯ መኪና እያስነጠሰች መጥታ በራችን ላይ ቆመች። የአጎቴ ሚስት ዱቄት በዱቄት በሆነ እጇ ከማድቤት ሮጣ ወጣች፤ ፊቷ በርቶ ነበር። ነርሷ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«እንደምን ዋላችሁ። የአቶ ፌንዮ ቤት በየት በኩል ነው?»

ፌንዮ ጎረቤታችን ነው፤ የሰፈሩ ቀልደኛ። ስልክ ተደውሎለት እንዴት ነዎት ሲሉት «እኔማ ሞቻለሁ፣ የጠፋው ቀባሪ ነው» ብሎ መልሶ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅ ነው የሰነበተው። ማሽኑ ግን ቀልድ አይሰማም። ቀይ አወጣለት።

መስኮቱ ላይ ሙጭጭ አልኩ። «እህቴ በእናትሽ፣ እዚህም ግቢ። አጎቴን አነጋግሪልኝ።»

«ስማቸው ተሰጥቶኛል?»

«አልተሰጠሽም። እንዲያው ብቻ እዪልኝ።»

ደግ ሴት ናት። ከመኪናዋ ወረደች፣ ዛፉ ሥር ድረስ ሄዳ ከጉልበቷ ዝቅ ብላ ሰላም አለችው። «አባቴ፣ እንዴት ነዎት? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ከልብዎ።»

አጎቴ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስቱ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ቆመች። እኔ አንድ ቃል ብቻ፣ አንዲት ሌላ ቃል ከአፉ እንድትወጣ ለመንኩ።

«አለሁ፣ ልጄ» አለ። «አንቺስ አለሽ?»

«አለሁ፣ አባቴ» አለች ነርሷ። በዓይኖቿ ያለው ድካም ብቻ ነበር።

«ፌንዮን ፈልገሽ ከሆነ ያ ሰማያዊ በር ያለው ነው። ምስኪን! ያን ሁሉ ሲቀልድ የሚሰማው ሰው አጣ። ቶሎ ድረሺለት፣ ይኼ ነገር ሰው ይገድላል።»

ነርሷ አመስግናው ወጣች። እኔም ሚስቱም ከቆምንበት አልተነቃነቅንም።

«ምን ይገትርሻል?» አለኝ አጎቴ። «ፌንዮ ዕቃውን ሸጦ ጨርሶታል፤ እንግዳዋ ቆማ ልታወራው ነው? ይኸውልሽ፣ ወንበሬን ውሰጂላት።»

የጠፍር ወንበሩ ነው፤ አባቱ በሸንጎ የተቀመጠበት። ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም። ከብቶቹን እንዳካፈለ እሱንም አንስቶ አስታቀፈኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ተሸክሜው ሄድኩ።

ነርሷ ተቀመጠችበትና የፌንዮን እጅ ያዘች። ፌንዮ አንድ ሁለቴ ሊቀልድ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ቀና ስል አጎቴ ከአጥሩ ማዶ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ያየናል። መቀመጫው እኛ ጋ ነው።