የተሰረዘበት ወረቀት

ያን ዓመት በሁዊጁ አውራጃ ከዘር እስከ አጨዳ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ሩዙ እንደቆመ ደረቀ። ውሻው ተበላ፤ ከዚያ የዛፉ ልጣጭ። የሬሳ ሳጥን ሠሪው ሉ ጣውላ ጨርሶ መጋዙን ሰቀለ። ሰው በሰሌን እየተጠቀለለ ተቀበረ።

በብሩሽ ጽሕፈቱ የታወቀው መምህር ፈይ የሉ ዕዳ ካለበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የፈይ ልጅ የሞተ ጊዜ ሉ ለራሱ ቀብር ያዘጋጀውን ሳጥን አውጥቶ ሰጠው። ብር አልፈለገም።

«ያንን የሚሮጠውን ጽሕፈትዎን ሁለት መስመር ይጻፉልኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው» አለ።

ፈይ እሺ አለ። ግን የተማረ ሰው ጽሕፈት በአናጢ ግድግዳ ላይ ቢታይ ጓደኞቹ ምን ይላሉ? አንዴ ቀለሙ ከፋ፣ አንዴ እጄን አመመኝ እያለ አዘገየ።

ሉ ገበያ ላይ ሲያገኘው ይስቅ ነበር። «መምህር፣ እጅዎ ዳነ?»

«ገና ነው።»

«ለዳኛው ሲጽፉማ ድኖ ነበር እኮ!»

በዚያ በድርቁ ዓመት፣ በአጨዳው ሰሞን፣ የሉ ሚስት በጠዋት መጣች።

«ባሌ ቀትርን አያልፍም። ወረቀቱን አንዴ ልየው ይላል።»

«አሁኑኑ ጽፌ አመጣለሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሁኑኑ ነው» ብላ ሄደች።

ቀለሙን ፈጨ። ስለ ሳጥኑና ስለ ልጁ ጻፈ። እጁ ሳያዘው ሮጠ፤ ፊደል ከፊደል ተያይዞ ወረደ። ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ ሰርዞ ከጎኑ ጻፈ። ሲጨርስ ቆሞ አየው። በዕድሜው እንዲህ ጽፎ አያውቅም።

በዚያው መተው ነበረበት። እሱ ግን የተሰረዘ ነገር ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም አለ። ሌላ ወረቀት ዘረጋ፤ እየተጠነቀቀ ገለበጠ፤ ማኅተሙን መታ። ንጹሕ ሆነ። ነፍስ ግን አልነበረውም። ሁለቱንም ጠቅልሎ ወጣ።

ሲደርስ ሉ ሰሌኑ ውስጥ ነበር።

ሚስቲቱ ወረቀቶቹን ተቀብላ ዘረጋቻቸው። ማንበብ አትችልም።

«ማኅተም ያለበትን የገበያው ጨው ነጋዴ ሩዝ ሰጥቶ ይወስደዋል» አለች። «የተበላሸውን ባሌ ይያዘው።»

ፈይ «ዋናውስ የተሰረዘበት ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ምድጃው ላይ ድስቱ ተደፍቷል፤ አመዱ የሰነበተ ነው። አፉን መልሶ ገጠመ።

የተሰረዘበትን ወረቀት አጥፋ ሰሌኑ ውስጥ በባሏ ደረት ላይ አስገባችው። ከዚያ ሰሌኑን በጉልበቷ ተጭና የታሰረበትን ገመድ አጠበቀች።

«በቃ፣ መምህር» አለችው ቀና ሳትል። «ዕዳዎ ወርዷል።»