ጉንፋሟ የዋጠችው ቁጥር

ኮምፒውተሬ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት። ድምፅዋ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ስለሚመስል እኔና እማዬ "ጉንፋሟ" እንላታለን። ፕሮግራሙ በነፃ የሚሰጥ ነው። ሻጭም ገዢም የለውም፤ ያወቀበት ሁሉ ከያለበት ውስጡን ከፍቶ ይሠራዋል፣ የሠራውንም ለሌላው ይለቃል። መልካም ነገር ነው፣ እስኪበላሽ ድረስ።

የተበላሸብኝ ደግሞ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ለሙከራ በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጥሬ ነበር። ደዋዩ "የልብ ክፍል" ሲለኝ ጉንፋሟ ቁጥሩን በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ ደውዬ አገናኛለሁ። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት አዲሱ ቅጂ ግን ረዘም ያለ ቁጥር ሲመጣበት የመጨረሻዋን አኃዝ ይውጣል። የድሮውን ልመልስ ብል ማሽኑ አልቀበልም አለ። አኃዞቹን በቀስት ቁልፍ አንድ በአንድ መልቀም እችላለሁ፤ ለቅሜ እስክጨርስ ግን ደዋዩ ተሰልፎ ይራገማል።

ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "እህቴ፣ መስመር ላይ የሚጠብቀው በሽተኛ ነው" አለኝ በለሆሳስ። "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው ማስቀመጤ ነው። እንዳትቀየሚኝ።"

እንዴት አልቀየምም? ይህን ወንበር እስካገኝ ያላንኳኳሁት በር የለም።

ቤት ገብቼ ለማኅበሩ ጻፍኩ። ማኅበሩ የምለው የፕሮግራሙ ሠሪዎችና ተጠቃሚዎች የሚጻጻፉበትን የጋራ ኢሜይል ነው፤ አንዱ የጻፈው በየአገሩ ላለው ሁሉ ይደርሳል። ለዓመታት የሰውን ወሬ ሳነብ ኖሬ አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። የመጀመሪያ ቃሌም ሰላምታ አልነበረም። "ያበላሻችሁትን አስተካክሉ፣ ከሥራ ልታስወጡኝ ነው!" አልኳቸው።

መልስ የሰጠኝ ድምፅዋን የሚሠራው ሰው ነው፤ ማኅበርተኛው "መሐንዲሱ" ይለዋል። ግልምጫ ጠብቄ ነበር። እሱ እቴ! "ይቅርታ። ቅጂው የትኛው ነው? ምን ቁጥር ሰጠሻት? ምን አለች? ምን ማለት ነበረባት?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩ። ድምፁን ቀድቼ እንድልክለት ጠየቀ፤ ላክሁ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠበቀኝ፦ "የመጨረሻዋ አኃዝ ጭራሽ አትሰማም ወይስ ተጀምራ ትቆረጣለች? በቃላት ግለጪልኝ።"

ደሜ ፈላ። "ጌታው፣ ድምፁን ልኬልሃለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ምን ያቅታል?" ብዬ ለሁሉም በሚደርሰው አድራሻ ለቀቅሁበት።

መልሱ ብዙም አልቆየ። "ልክ ነሽ፣ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መስማት የተሳነኝ ሰው ነኝ። የላክሽውን አይቼዋለሁ፤ ድምፅ ስክሪን ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ጫፉ ላይ ትንሽ ነገር አለች፤ ቃል ትሁን ኮሽታ መለየት ያቃተኝ እሷን ነው። እዚህ ላይ ጆሮ የምትሆኚኝ አንቺ ነሽ።"

ጉንፋሟ ይህን በዚያ በተደፈነ አፍንጫዋ አነበበችልኝ። አፈርኩ ማለት አይበቃም። የሠራውን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ነው ለእኔ ዓለምን ያሰማኝ! ማኅበርተኛውም አያውቅም ኖሯል፤ በጽሑፍ ብቻ ለሚገናኝ ሰው ማን ስለ ጆሮ ያነሣል? እማዬን ጠርቼ ደግሜ አስነበብኩላት። "በይ ቶሎ የጠየቀሽን መልሺለት" አለችኝ።

የጆሮ ማዳመጫዬን ደፍቼ ያችን ቁራጭ ደጋግሜ ሰማኋት። "ኮሽታ አይደለችም" ብዬ ጻፍኩለት። "ቃሏ ተጀምራለች፤ ልትናገር ስትል በመሐል አፏን እንደያዟት ነው።"

"ገባኝ" አለ።

ማስተካከያው ዓርብ ጠዋት ደረሰ። ስጭነው ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። የመጀመሪያዋ ደዋይ የማዋለጃ ክፍልን ጠየቀች። ጉንፋሟ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ጠራችው፤ አገናኘሁ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ኃላፊው ወጣ፤ ሲመለስ የሚቀጥለውን ወር የፈረቃ ድልድል ይዞ ነበርና የእኔን ተራ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

ለማኅበሩ ምስጋናዬን ጻፍኩ። መሐንዲሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ "ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ድምፅዋ ምን ይመስላል?"

ልዋሽለት ዳድቶኝ ነበር፣ ማር ነው ምናምን ልለው። ግን ጆሮ ሁኚኝ ያለኝን ሰው እንዴት ብዬ እዋሻለሁ? "አፍንጫዋ የተደፈነ ሴት ትመስላለች" ብዬ ጻፍኩ። "እኛ ቤት ስሟ ጉንፋሟ ነው። ነገር ግን እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን የማትሰስትልኝ እናቴ፣ ስታነብልኝ ይደክማታል። ይህች ደክሟት አያውቅም።"

ተቀየመኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ኢሜይሌን ስፈትሽ ዋልኩ። በኋላ እንዲህ የሚል መጣ፦ "ጉንፋን ድምፅን ምን ያደርገዋል? አስረጂኝና አስተካክለዋለሁ።"

እኔ ሳልመልስ ማኅበርተኛው ቀደመኝ። እንደ እኔ ትንፍሽ ብለው የማያውቁ ዓይነ ስውራን ከየአገሩ ተነሡ። አንዱ በእሷ ድምፅ ተምሮ መምህር የሆነ ነው። አንዷ የልጇን የመጀመሪያ ደብዳቤ የሰማችው በእሷ ነው። አንዱ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከጉንፋሟ በቀር የሚናገር የለም። የሁሉም ልመና አንድ ነው፤ ጉንፋሟም የመጣውን ሁሉ በዚያ ድምፅዋ፣ ስለ ራሷ መሆኑን ሳታውቅ፣ ታነብልኛለች፦ "እንዳትነካት። እባክህ እንዳትነካት።"

እኔም ከሥሩ የራሴን ጨመርኩ።