ጭሱ የቆመ ዕለት

የአየር ብክለት ተቆጣጣሪዋ የኃይል ማመንጫውን ምድጃ ባሸገች ዕለት ሰፈሩ በደስታ ጮኸ። በከሰል የሚሠራው ማመንጫ ጭሱን የሚለቀው በእነሱ ላይ ነበር። ማጣሪያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር «እናስጠግናለን» እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖረ። እሷም የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ጭሱን ሲስቡ ኖረው ሳንባቸው አልቋል፤ የሚተነፍሱት በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እሽጉን ሲያይ አልተቆጣም።

«ሕግ ሕግ ነው፣ እመቤቴ» አለ ፈገግ ብሎ። «ጨለማውን ግን ለማን እናድርሰው?»

«ከሌላ ከተማ የሚመጣው መስመር ለሁሉም ይበቃል ብለውኛል።»

«ብዬ ነበር።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ፋብሪካዎቹ ጋ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ የሚኖርበት ጉብታ ላይም አለ። የጠፋው በጭሱ አቤት ያለው ሰፈር ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሟ በያጅ ነው፤ እናታቸውን የሚያስታምመው እሱ ነበር። ቢሮዋ ደወለላት።

«የመሣሪያው ባትሪ እያለቀ ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል።»

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለች። ድምፁ ሳይለወጥ አዳመጣት።

«እሽጉን ያንሱ፣ አበራለሁ።»

«እናቴ ናት! አሁን መስመሩን ይልቀቁላቸው፤ እሽጉን መጥቼ አነሳለሁ።»

«መጀመሪያ ይምጡ።»

መኪናዋን እየነዳች አለቀሰች። ምድጃው ጋ ደርሳ የእሽጉን ሽቦ በመቁረጫ ስትበጥስ እጇ ደማ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ አያት፤ የተቆረጠውን ሽቦ አንስቶ አገላብጦ ተመለከተ፤ በእጁ የያዘውን ሻይም እስከ አተላው ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ «ልቀቁላቸው» ያለው።

ለወንድሟ ደወለች።

«መብራት መጣ?»

«ለመጣው መጥቷል። እኛ ግን ቤት አይደለንም፤ ሆስፒታል በር ላይ ነን።»

ቀደም ብሎ እሱ እናቱን ታክሲ ውስጥ አስገብቶ ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ፣ የሰፈሩ የትራፊክ መብራት ሁሉ ጠፍቶ መኪናው ተቆላልፎ ነበር። ወርዶ በጀርባው አዘላቸው። በመኪኖቹ መሀል እየተሽሎከለከ «አፈር ስሆን፣ አሳልፉኝ» ይል ነበር። ሹፌሮቹ ክላክስ ነፉበት። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ነው «ወንድሜ፣ አውርዳቸው፤ አርፈዋል» ያለው።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ቤት ስትገባ የአቤቱታው አስተባባሪ የነበረው ጡረተኛ ቦታ አልለቀቀላትም። «ሥጋዬ ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ተበላሸ» አለ ለጎኑ ሰው፣ እሷ እንድትሰማ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ጭሱንስ ለምደነው ነበር» አለ።

ወንድሟን ግቢው ጥግ ላይ ቆሞ አገኘችው። እጁን ልትይዝ ሞከረች፤ መነጨቃት።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ እሷን ብዬ ነው ያሸግኩት።»

«አውቃለሁ» አለ። «ጭሱ ቀስ እያለ ነበር የሚገድላት። አንቺ ቸኮልሽ።»

ተናግሮ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰ። ባለችበት ቀረች። ከማመንጫው በኩል ጥቁር ጭስ ድንኳኑ ላይ ይወርድ ነበር፤ ለቀስተኞቹ እያሳሉ እሷ ከዚህ ተነስታ ቀጥሎ የት እንደምትመደብ ያወሩ ነበር።