ዘጠነኛው ጥያቄ

ቃለ ጉባኤ ያዧ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው አንድ ወንበር ላይ ነው፤ ከቋሚ ኮሚቴው ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ከተደገፈ ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ። በመዝገቡ ግራ በኩል ጥያቄ፣ በቀኝ በኩል መልስ ትጽፋለች። አፏን የምትከፍተው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የተጻፈውን ስታነብ ብቻ ነው። መልስ ያልተጻፈለት ጥያቄ ካለ ተደግሞ ይነበባል፤ መልስ እስኪያገኝም ድምፅ አይሰጥም። ይህን የደንብ አንቀጽ ብዙዎቹ አባላት ረስተውታል። እሷ አልረሳችውም።

ያን ቀን የቀረበው የውጭ ጦር ዋና መምሪያውን በአገሪቱ እንዲያቋቁም የሚፈቅድ ስምምነት ነበር። ቦታው እንኳ ተመርጦ አልቋል፤ የተዘጋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ስምምነቱን ያቀረቡት ምክትል ሚኒስትር ስምንት ጥያቄዎችን እንደ ውሃ በሚወርድ አንደበት መለሱ። ዘጠነኛውን የጠየቀው ሾፌሩ ነበር። የምክር ቤት አባል ከመሆኑ በፊት ሃያ ዓመት አውቶቡስ ስለነዳ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም።

«እኔ የማውቀው መንገድ ነው፤» አለ። «የእነዚህ ሰዎች መኪና የእኛን ሰው ቢገጭ ነጂው የሚቆመው የማን ዳኛ ፊት ነው?»

«ጉዳዩ በወዳጅነት መንፈስ ይታያል።»

«መንፈስ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ተመልሷል። እንለፍ።»

የእሷ ብዕር ግን ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሁለት ወር በፊት ፋብሪካውን ሊያዩ የመጡት የዚያ ጦር ሰዎች መኪና ታናሽ እህቷን የፋብሪካው በር ላይ ገጭቷታል። እህቷ እስከ ዛሬ እግሯ በጀሶ ታስሮ ሳሎን ተኝታለች። ፖሊስ ጣቢያ የነበረው ተረኛ፣ «እትዬ፣ ስምምነቱ እስኪጸድቅ ፋይሉ ይቆይ። ከዚያ የማን ጉዳይ እንደሆነ ይለያል፤» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከቶታል። ዛሬ እንዲሁ በደፈናው ከጸደቀ ፋይሉ ከመሳቢያው እንደማይወጣ ታውቃለች።

የማንበቢያዋ ሰዓት ደረሰ። ስምንቱን አነበበች። ዘጠነኛውን ጥያቄ አነበበችና፣ «መልስ፤» ብላ ዝም አለች።

«ቀጥይ እንጂ፣ እህቴ።»

«የተጻፈ መልስ የለም፣ የተከበሩ ሰብሳቢ።»

«በወዳጅነት መንፈስ ተባለ እኮ!»

«የተጠየቀው ዳኛው ማን እንደሆነ ነው። ዳኛ አልተጠቀሰም።»

«በቃ ተመልሷል ብለሽ ጻፊው። ምሳ ሰዓት አለፈ።»

«ካዘዙኝ እጽፋለሁ። በማን ትእዛዝ እንደተጻፈ ግን ከጎኑ ስምዎን አሰፍራለሁ። ደንቡ ነው።»

ሰብሳቢው ስማቸው እዚያ ገጽ ላይ እንዲቀመጥ አልፈለጉም።

ጥያቄውን ለሁለተኛ ጊዜ አነበበች። ምክትል ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ጥግ ላይ ሲያንጎላጁ የነበሩት ሽማግሌ አባል ነቁ። «ምነው፣ ሰውየው ጆሯቸውን ያማቸዋል?» አሉ፣ ጮክ ብለው። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ምክትል ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የራሳቸው ፍርድ ቤት፤» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያው በአገራቸው።»

በቀኝ በኩል እንዳሉት ጻፈችው። ከዚያም ሁሉም እንዲሰማ አነበበችው።

ድምፅ ሲሰጥ ስምምነቱ ይጽደቅ ያሉት አራት፣ አንቀጹ ሳይስተካከል አይጸድቅም ያሉት ሰባት ሆኑ። ስምምነቱ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሰብሳቢው ሲወጡ አጠገቧ ቆም አሉ። «ለጡረታ ሁለት ወር ነው የቀረሽ፣ አይደል?»

«ሦስት፣ የተከበሩ ሰብሳቢ።»

ቃለ ጉባኤ ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሰው ማመልከቻ ጻፈች፤ ማኅተም የተመታበት ግልባጭም ተቀበለች። በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄዳ ወረቀቱን ተረኛው ፊት ዘረጋችው።

«አልጸደቀም፤» አለች። «ስለዚህ ዛሬ የሚሠራው የእኛ ሕግ ነው። የእህቴን ፋይል ያውጡልኝ።»

ተረኛው ወረቀቱን ገለበጠው፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። «እትዬ፣ አለቃዬ የሉም። ነገ ብቅ ይበሉ።»

እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ንጹሕ ወረቀት አውጥታ ከላይ እስከ ታች መሐሉን አሰመረች። በግራ በኩል፣ «ፋይሉ የሚከፈተው መቼ ነው?» ብላ ጻፈች። ብዕሯን ወደ ቀኙ ወሰደችና ቀና ብላ አየችው።

«ይበሉ፤» አለችው። «እየጻፍኩ ነው።»

ተረኛው መሳቢያውን ሳበ።